ተጨማሪ መረጃ፦ አንድ ሃርድ ዲስክ፣ ሁለት ስርዓተ ክወና

በፒያሳና በመርካቶ መካከል ያለው ድልድይ ስሙን ያገኘው ከአፄ ምኒልክ የጦር ሚኒስትር ከፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው። ወንዙ ሰፈሮቹን ይለያል፤ ድልድዩ ያሻግራል። ዊንዶውስንና ኡቡንቱን በአንድ ዲስክ ላይ ስንጭንም ነገሩ ይመሳሰላል። ዲስኩን ከፋፍለን የምናበጀው ፓርቲሽን ሁለቱን ይለያቸዋል፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ በየትኛው መግባት እንደምንፈልግ የሚጠይቀን ግራብ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ድልድያችን ነው።

ለምሳሌ 500 ጊጋባይት ከሚይዝ ዲስክ ላይ ለኡቡንቱ 100 ጊጋባይት መቀነስ ይቻላል። ዊንዶውስ ፋይሎቹን ኤንቲኤፍኤስ በተባለ የፋይል ሥርዓት፣ ኡቡንቱ ደግሞ ኤክስት 4 በተባለው ያስቀምጣል። ኡቡንቱ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል፤ ዊንዶውስ ግን ኤክስት 4ን በራሱ አያነብም። ስለዚህ የጋራ ሰነዶችን በዊንዶውስ በኩል ማስቀመጥ ይመረጣል።

ጥንቃቄ፦ ከመጀመራችሁ በፊት ሰነዶቻችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ሞልታችሁ፣ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ሥሩ። የፓርቲሽኑ መጠን እየተቀየረ ሳለ መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ቢዘጋ ፋይሎች ሊጠፉ ይችላሉ።

ልብ በሉ፦ ከኡቡንቱ ወጥታችሁ ዊንዶውስ ስትከፍቱ ሰዓቱ ወደኋላ ቀርቶ ብታገኙት አትደንግጡ። ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኖ ሳለ 6 ሰዓት ሊል ይችላል። ኡቡንቱ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ ይሞላዋል፤ ዊንዶውስ ግን የአካባቢ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ኢትዮጵያ ከዚያ መለኪያ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት ይሆናል። ኡቡንቱ ላይ በአንድ መስመር ትእዛዝ ይስተካከላል።