ቡቺ ሰዓቱን ያውቃል፦ ትንሽ ውሻን ንጽሕና ስለ ማስተማር

በአገራችን ልማድ ውሻ ግቢ ጠባቂ ነው፤ የሚያድረውም ደጅ ነው። እዚህ ናይሮቢ ግን ብዙዎቻችን የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው። የአንዲት የክፍላችን ልጅ ቤተሰብ የ2 ወር ተኩል የማልቲዝ ቡችላ ሲያገኝ፣ ቡችላው በቀጥታ ሳሎን ገባ። ስሙንም ቡቺ አሉት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ምንጣፉ ሸተተ። እናትየውም «አንድ ወር ሰጥቻችኋለሁ፤ ካልተማረ ወደ መጣበት ይመለሳል» አሉ። ጓደኛችን ይህን ጭንቀቷን ይዛ ወደ ሳይንስ ክበባችን መጣች።

መጀመሪያ የጠየቅነው «ቡቺ ለምን እልኸኛ ሆነ?» ብለን ነበር። ነገሩን ስንመረምር ግን ሌላ ሆነ። የማልቲዝ ውሻ አድጎ እንኳ ክብደቱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ግራም ነው፤ የሽንት ፊኛውም እንደዚያው ትንሽ ነው። ቡችላ ሲሆን ደግሞ ሽንቱን የመቋጠር አቅሙ ገና አልጠነከረም። በዚህ ዕድሜ ነቅቶ ሳለ ከ2 ሰዓት በላይ እንዲታገሥ መጠበቅ አይገባም። ትልቅ ውሻ ቤት ውስጥ ቢሸና ሁሉም ያያል፤ የትንሹ ግን ጥቂት ስለሆነ ከሶፋ ሥር ሳይታይ ይደርቃል። ሽታው ግን ለእርሱ አይጠፋውም፤ በማግሥቱ ወደዚያው ይመለሳል።

ጓደኛችን ቡቺ የሸናበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት በደብተር መዘገበች። ስናነበው ነገሩ ግልጽ ሆነ፦ ከእንቅልፍ እንደነቃ፣ በልቶ ብዙም ሳይቆይ፣ ከጨዋታ በኋላ፣ እንዲሁም ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲገቡ በደስታ። ቡቺ ሰዓቱን ያውቅ ነበር፤ ያላወቅነው እኛ ነበርን።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ቦታ ተወሰነ። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ሌሎች ውሾች በሚመላለሱበት ሜዳ ላይ ፓርቮ የሚባለው ገዳይ በሽታ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ተነጠፈለት። ክትባቱን ሲጨርስ ወደ ታች ወረደ፤ ሽታው ቦታውን እንዲያሳየው እርጥብ የሆነ ቁራጭ ጋዜጣ ሣሩ ላይ ተደረገ። ደረጃው ስለሚረዝምበት ታቅፎ ነበር የሚወርደው።

ሁለተኛ፣ ጉርሻው ወዲያው ተሰጠ። በትክክለኛው ቦታ ሸንቶ እንደጨረሰ፣ እዚያው ሳለ ትንሽ ቁራሽ ሥጋ ይቀበላል። ቤት ከተመለሰ በኋላ ቢሰጠው ግን የተሸለመው ቤት ስለገባ ይመስለዋል።

ሦስተኛ፣ ዱላና ጩኸት ቆመ። ቡችላ ቀድሞ ባደረገው ነገር ቢመታ ለምን እንደተመታ አይገባውም፤ የሚማረው ተደብቆ መሽናትን ነው።

አራተኛ፣ የሸናበት ቦታ በኮምጣጤና በውኃ ታጠበ። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ግን ሽታው ከሽንት ጋር ስለሚመሳሰል መልሶ ይጠራዋል።

አምስተኛ፣ ውኃም ምግብም አልተከለከለም። እንዳይሸና ብሎ ውኃ መከልከል ይጎዳዋል፤ የትንንሽ ዝርያ ቡችሎች ደግሞ ከተራቡ የደማቸው ስኳር ቶሎ ይወርዳል። የተማረ ውሻ በድንገት ቤት ውስጥ መሽናት ከጀመረ ታሞ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም 3 ወር ሲሞላው ይሰጠዋል፤ ይህ ለቤተሰቡም ጥበቃ ነው።

አንድ ችግር ቀረ። ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ወላጆቹ ሥራ ሲውሉ ቡቺን ማን ያወጣዋል? ቤት የሚውሉት አያትየው ብቻ ነበሩ። እርሳቸው ደግሞ «ውሻና ሳሎን ምን አገናኛቸው?» ሲሉ የነበሩ ናቸው። ደብተሩ ሲነበብላቸው ግን «ይሄ ሕፃን ነው እንጂ መቼ ባለጌ ሆነ» አሉና የቀኑን ተራ ወሰዱ። ቡቺ መሬቱን እያሸተተ መዞር ሲጀምር ከሁሉ ቀድመው የሚያዩት እርሳቸው ሆኑ።

በወሩ መጨረሻ ደብተሩ ላይ ምንም ያልተጻፈባቸው ቀናት በዙ። ቡቺ ዛሬም ዝናብ ሲበረታ መውጣት አይወድም፤ አንዳንዴም ይሳሳታል። እናትየው ግን ስለ መመለሱ ዳግመኛ አላነሡም፤ ለሳሎኑም አዲስ ምንጣፍ አነጠፉ።

ቡችላ ለማምጣት የምታስቡ የትምህርት ቤታችን ቤተሰቦች፣ ከማምጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ተነጋገሩበት፦ ቀን ቀን ማን ቤት ይውላል?