እሳት ያየ ደጋን፤ ተረቱና እውነታው

እንጨት እሳት ሲያይ እንደ ብረት ይጠነክራል የሚለው ነገር ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ስለ ኖረ፣ ዛሬም በደጋን ሠሪዎች ዘንድ እንደ ቀኖና የሚቀበሉት ብዙዎች ናቸው፤ እንዲያውም ስስ የእንጨት ዝርጎችን ደራርቦ በማጣበቅ ደጋን ለመሥራት የተነሣ ጀማሪ፣ ገና መላጊያውን ሳያነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው እሳቱ ስንት ደቂቃ ሊነካው እንደሚገባ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ የቆመበት መሠረት ግን የተናጋ ነው። ሮላንድ ኤኖስ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመው ጥናት፣ ሐዘል ከሚባል ዛፍ የተቆረጡ ዘንጎችን እንደ ጥንት ሰዎች የጦር ጫፍ በእሳት ለብልቦ ቢመረምር፣ እንጨቱ በጥቂቱ ጠጠር ከማለቱ በቀር ጥንካሬው ሲሶ ያህል ጎድሎ፣ ለመሰበር የሚጠይቀውም ጉልበት ከሲሶ በላይ ቀንሶ አገኘው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ጠቢባን ደጋናቸውን ስለ ምን ይለበልባሉ? ምሥጢሩ ያለው ደጋን ሁለት ፊት ያለው ፍጥረት በመሆኑ ነው። አውታሩ ሲሳብ ወደ ዒላማው የሚያየው ጀርባው ይወጠራል፤ ወደ ቀስተኛው የሚያየው ሆዱ ደግሞ ይታመቃል። እንጨት በባሕርዩ መወጠርን የሚችለውን ያህል መታመቅን አይችልም፤ በአብዛኛው የእንጨት ዓይነት የመጀመሪያው ብርታት የሁለተኛው እጥፍ፣ አንዳንድ ጊዜም ከእጥፍ በላይ ነው። ስለዚህም አስቀድሞ የሚሸነፈው ሆዱ ሲሆን፣ ጭረቶቹ ተጨፍልቀው ደጋኑ አውታሩ ከተፈታ በኋላም እንደ ጎበጠ ይቀራል፤ የጎበጠ ደጋን ደግሞ ፍላጻውን በስንፍና ይሰዳል። በደረቅ ሙቀት የበሰለ ሆድ ግትርነቱ ስለሚጨምርና መታመቅን ስለሚቋቋም ይህን ጉብጠት ይቀንሳል፤ ያው እሳት ጀርባውን ቢያገኘው ግን መለጠጥን ነሥቶ እንዲሰበር ያደርገዋል። ማርክ ሴንት ሉዊስ የተባለው ካናዳዊ ደጋን ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው የደጋን ሠሪዎች መጽሐፍ አራተኛ ቅጽ ይህን ጥበብ ለብዙዎች ባስተማረ ጊዜ፣ ሙቀቱ ከሆድ በኩል ብቻ እንዲገባ ማሳሰቡ ስለዚህ ነው። ተደራርቦ በሚጣበቅ ደጋን ዘንድ ነገሩ የበለጠ ይቀላል፤ የሆዱ ዝርግ ለብቻው በእሳት ያልፋል፣ ለጀርባው የሚሆነው ሂኮሪ የተባለ እንጨት ወይም ቀርከሃ እሳት ሳያይ ይቆየዋል።

ሌሎች ደግሞ እሳቱ የሚያደርገው ውሃን ማስወጣት ብቻ ነው፣ በፀሐይ ቢደርቅም ያው ነው ይላሉ። ነገር ግን እንጨት ከውሃው በቀር ሴሉሎስ፣ ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን የሚባሉ ሦስት ነገሮች የተዋሐዱበት ነው፤ ሙቀቱ ከ160 ዲግሪ ሴልሺየስ ወዲያ ሲዘልቅ ከሦስቱ ደካማው ሄሚሴሉሎስ መፈራረስ ይጀምራል፤ ርጥበትን አጥብቆ የሚስበውም በይበልጥ እርሱ ነው። በፀሐይ የደረቀ እንጨት ክረምት ሲገባ የተወሰደበትን ውሃ መልሶ ይጠጣል፤ በዚህ ሙቀት ያለፈው ግን ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ብቻ ይቀበላል። በፊንላንድ በ190ና በ212 ዲግሪ እየበሰለ የሚሸጠው እንጨት በዝናብ ብዙ የማያብጥበት ምክንያት ይኸው ሲሆን፣ አምራቾቹ ለውጭ ግድግዳና ለወለል እንጂ ለሕንፃ ተሸካሚነት እንዳይውል የሚያስጠነቅቁበትም ምክንያት ከዚሁ አይርቅም። በአገራችን እረኛው ርጥብ ዱላውን እሳት ላይ ለብልቦና ቅቤ ቀብቶ ማቃናቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ሙቀቱ ከርጥበት ጋር ተባብሮ ሊግኒንን ያለሰልሳል፣ ዱላውም ሲቀዘቅዝ የተሰጠውን ቅርጽ ይይዛል።

ስለ ቀለሙም ብዙ ይወራል፤ በጠቆረ ቁጥር ይበረታል ይባላል። ቡና የሚቆላ ሰው እንደሚያውቀው ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ የሆነ ፍሬ አለ፤ እንጨትም ሙቀትን እጅግ በዝግታ ስለሚያሳልፍ፣ የሞቀ አየር የሚተፋው መሣሪያ ቸኩሎ ቢጠጋው ላዩ ከስሎ ጥቂት ገባ ሲባል ምንም ያልተለወጠ ይሆናል። የከሰለው ገጽ ኃይል የለውም፤ ተፍቆ የሚጣል ነው። ሠሪው መሣሪያውን ከሆዱ ጥቂት አርቆ፣ አንዱን ስፍራ ሳይቸኩል አሙቆ ወደሚቀጥለው ቢሻገር፣ የሚያገኘው መልካም ውጤት ከዳር እስከ ዳር የተስተካከለ ቡናማ መልክ ነው።

የብዙዎች ሥራ የሚበላሸው ግን በቅደም ተከተሉ ነው። ደጋኑን አጣብቀው ከጨረሱ በኋላ ሆዱን በእሳት የሚያበስሉ አሉ፤ ነገር ግን ከቆዳ የተቀቀለ ሙጫ በሙቀትና በርጥበት ይላላል፣ የአናጢዎች ነጭና ቢጫ ኮላ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ በተራ ሙቀት የደረቀ ኢፖክሲም ብዙውን ጊዜ ውሃ ሳይፈላ ግትርነቱን ያጣል፤ ታዲያ ለእንጨቱ የሚያስፈልገው 160 ዲግሪ ሁሉንም እንደሚፈታ ግልጽ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ኢፖክሲ የሚጠነክርበትን የሙቀት ሣጥን አይቶ እንጨቱም በዚያው እንደ በሰለ ይቆጥራል፤ ሣጥኑ ግን ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ የሚይዝ ስለ ሆነ ሙጫውን ያጠነክራል፣ እንጨቱን አያበስለውም። ጃፓኖች እሳቱ ከሙጫው የሚቀድምበትን ሥርዓት ከጥንት ያውቁታል፤ በኪዩሹ ደሴት በሚያኮኖጆ ከተማ የሚሠራው፣ ቁመቱ 221 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነው ዩሚ የተባለው ደጋን፣ በመካከሉ የሚገቡት የቀርከሃ ስንጥቆች አስቀድመው በእሳት ይጠበሳሉ፤ ሙጫው የሚቀባው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ሁሉም በገመድ ተጠምጥሞ በገመዱ ሥር በሚነዱት ብዙ ሽብልቆች እየተወጠረ ጉብጠቱን ይይዛል። እኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ የማደንቀው ይህን የሽብልቅ ሥራ ነው፤ ሠሪዎቹ ሙጫው ደርቆ ሳይቀድማቸው መጨረስ አለባቸውና።

እሳት ያየው ዝርግ ወዲያው አይጣበቅም፤ ሙቀቱ ቅባቱን ወደ ላይ ስለሚያወጣና ገጹ ውሃ የማይቀበል ስለሚሆን፣ ሙጫው የሚያርፍበት ወገን አዲስ ተልጎ ወይም በሸካራ ወረቀት ታሽቶ መዘጋጀት ይገባዋል። ከእሳት የወጣ ዕለትም ርጥበቱ እጅግ አንሶ እንደ ገል የሚሰበር ነውና፣ ጥላ ባለበት ስፍራ ተቀምጦ የአየሩን ርጥበት እስኪጠጣ ይቆያል። እንደ ደረቀ የተጣበቀ ዝርግ በኋላ ሲያብጥ ከጎረቤቱ ጋር ይጣላል። ጠንቃቃው ሠሪ ቀን አይቆጥርም፤ ዝርጉን በሚዛን እየመዘነ፣ ክብደቱ መጨመሩን ሲያቆም ሙጫውን ይበጠብጣል።