ስዊቹ አድራሻ ሲኖረው

በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ሆስፒታል ወይም ኮሌጅ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚገናኙት ስዊች በሚባል ጠፍጣፋ የብረት ሣጥን በኩል ነው። ፊቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 24 ወይም 48 የኬብል መሰኪያዎች ተደርድረዋል። ተራው ስዊች ኤሌክትሪክ እንዳገኘ ሥራ ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ የሚታዘዘው ነገር የለም። ማኔጅድ የሚባለው ዓይነት ግን ባለሙያ የሚያዘው ነው። የትኛው መሰኪያ ለሂሳብ ክፍል፣ የትኛው ለካሜራ እንደሚሆን ይወስንበታል፤ የተቋረጠውን ኬብል ያይበታል፤ ያልተፈቀደ ኮምፒውተር እንዳይገባ ይዘጋበታል።

ስዊች መረጃን ከመሰኪያ ወደ መሰኪያ ለማስተላለፍ የራሱ አይፒ አድራሻ አያስፈልገውም። የሚመራው በየኮምፒውተሩ የኔትወርክ ካርድ ላይ ከፋብሪካ በሚመጣው ባለ 48 ቢት ማክ አድራሻ ነው። ለስዊቹ አይፒ የሚሰጠው ለሚጠብቀው ባለሙያ ሲባል ነው፤ ሳጥኑ ያለበት ክፍል ድረስ ሳይሄድ ገብቶ እንዲያየው።

ምዕራብ ጎጃም ላይ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር ለማገናኘት በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳኔት ሲጀመር፣ ኔትወርክ ከትልልቅ ከተሞች ወጥቶ ወደ ገጠር ወረዳዎች ዘለቀ። ዛሬ ደግሞ ቡሬ ላይ ኔትወርክ የሚፈልጉ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አሉ። ባለሙያው የዞኑ ዋና ከተማ ፍኖተ ሰላም ላይ ቢሆንና ብልሽቱ የደጋ ዳሞቷ ፈረስ ቤት ወይም የወምበርማዋ ሽንዲ ላይ ቢደርስ፣ ስዊቹ አድራሻ ከሌለው መኪና መፈለግ ግድ ነው። አድራሻ ካለውና በመካከል ያለው መስመር ከሠራ፣ ከጠረጴዛው ሳይነሳ ገብቶ የትኛው መሰኪያ እንደወደቀ ያያል።

አይፒ አድራሻ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ይደርሳሉ። አብሮት የሚጻፈው ሰብኔት ማስክ ከአድራሻው የትኛው ክፍል እንደ ቀበሌ ኔትወርኩን፣ የትኛው እንደ ቤት ቁጥር መሣሪያውን እንደሚያመለክት ይናገራል። ማስኩ 255.255.255.0 ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች የጋራ ናቸው፤ በአራተኛው ቁጥር 254 መሣሪያዎችን መለየት ይቻላል። ለውስጥ ኔትወርክ በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምሩ፣ እንዲሁም ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት አድራሻዎች ተለይተው ተቀምጠዋል። እነዚህን ማንም ተቋም ሳያስፈቅድ በግቢው ይጠቀምባቸዋል፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ግቢው ውስጥ ያለው ሰርቨርና ስዊች በእነሱ መገናኘታቸውን ይቀጥላሉ።

አዲስ ስዊች ገና አድራሻ ስላልተሰጠው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባበት ላፕቶፕን በቀጥታ ከስዊቹ ጋር በሚያገናኝ ኮንሶል ኬብል ነው። የሲስኮ ስዊች ከሆነ ላፕቶፑ ላይ ስሙና ከጎኑ > ምልክት ይታያል። «ኢነብል» ተብሎ ሲጻፍ ምልክቱ ወደ # ይለወጣል፤ የማዘዝ ሥልጣን ተገኘ ማለት ነው። ቀጥሎ «ኮንፊገር ተርሚናል»፣ ከዚያ «ኢንተርፌስ ቪላን 99» ይባላል። ቪላን አንዱን ስዊች በውስጡ ለተለያዩ ኔትወርኮች የሚከፍል ዘዴ ነው። ከፋብሪካ ሲመጣ ሁሉም መሰኪያ ቪላን 1 ውስጥ ስለሆነ፣ ለቁጥጥር ሌላ ቪላን መለየት ይመረጣል። ከዚያ «አይፒ አድሬስ 10.20.99.11 255.255.255.0»፣ በመጨረሻም «ኖ ሻትዳውን»። ከሌላ ኔትወርክ ለሚመጣ ባለሙያ መልስ እንዲሰጥ ደግሞ «አይፒ ዲፎልት ጌትዌይ» ተብሎ ኔትወርኮቹን የሚያገናኘው ራውተር አድራሻ ይጨመራል።

አድራሻው በትክክል ተጽፎም ፒንግ፣ ማለትም ስዊቹ በመስመሩ መገኘቱን የሚጠይቀው ትእዛዝ፣ መልስ የማያገኝበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ቪላኑ ራሱ አለመፈጠሩ፣ ወይም በቪላኑ ውስጥ የሚሠራ አንድም መሰኪያ አለመኖሩ ነው። ሌላው የተለመደ ችግር ያው አድራሻ ለሌላ መሣሪያም መሰጠቱ ነው፤ ስለዚህ የስዊቾች አድራሻ ለኮምፒውተሮች በራስ ሰር ከሚታደለው ክልል ውጭ መሆን አለበት። በርቀት መግቢያውም ኤስኤስኤች ይሁን፤ ቴልኔት የይለፍ ቃልን ሳይሸፍን በመስመር ላይ ያሳልፈዋል።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ሳያስቀምጡ መውጣት ነው። የታዘዘው ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው መብራት ሲጠፋ በሚጠፋ ማኅደር ላይ ነው። «ኮፒ ራኒንግ ኮንፊግ ስታርትአፕ ኮንፊግ» ተብሎ ወደ ቋሚው ማኅደር ካልተገለበጠ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ስዊቹ የተሰጠውን አድራሻ አያውቀውም። መብራት በሚቆራረጥበት ወረዳ ይህች አንድ መስመር የቀኑን ሥራ ሁሉ ታድናለች።

እንግዲህ ስዊች የሚረከብ መሥሪያ ቤት መብራቱ መብራቱን አይቶ ብቻ አይፈርም። አድራሻው፣ ማስኩና ጌትዌዩ በመዝገብ ይስፈሩለት፤ የይለፍ ቃሉ በኃላፊው እጅ ታሽጎ ይቀመጥ፤ ስዊቹም በተረካቢው ፊት ጠፍቶ ይብራና ፒንግ ይደረግ። ባለሙያው ቢዛወር እንኳ ተተኪው ከዜሮ አይጀምርም፤ ሕዝብ የሚገለገልበት ቢሮም በአንድ ሰው መቅረት ሥራ አይፈታም።