የልብን ጭንቀት ለማን ይነግሩታል?

ከወላይታ ሶዶ ገበያ የተመለሰች እናት «ደክሞኛል» ብትል ጎረቤቷ ቡና አፍልታ ታሳርፋታለች። «ራሴን አሞኛል» ብትል ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ትመክራታለች። ነገር ግን «ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ሐሳብ ሲያብሰለስለኝ ያድራል፤ የወለድኩትን ልጅ እንኳ ማቀፍ አቅቶኛል» ብትልስ? ብዙ ጊዜ የምታገኘው መልስ «ተይ እባክሽ፣ ቻይው» የሚል ነው።

ውድ አንባቢያችን! መቻል መልካም ጠባይ ቢሆንም መድኃኒት አይደለም። ኀዘንና ጭንቀት በማንም ላይ ይደርሳል፤ ጥቂት ቀን ቆይቶም ይለቃል። ሆኖም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ካሳጣ፣ ሥራና ልጅ ማሳደግን ከከለከለ ሕክምና የሚሻ ሕመም ሊሆን ይችላል። በተለይም በእርግዝና ወቅትና ከወሊድ በኋላ የሚመጣው የመንፈስ ጭንቀት በእናቲቱ ብቻ ሳይወሰን የሕፃኑን አመጋገብና እድገት ሊጎዳ ስለሚችል በቸልታ ሊታለፍ አይገባም።

ይህን ሕመም ለማከም ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ የምክር ሕክምና ነው። የምክር ሕክምና ማለት በሠለጠነ ባለሙያ ፊት ተቀምጦ ችግርን በንግግር እየመረመሩ መፍትሔ የሚፈልጉበት ሕክምና ነው። ጭውውት አይደለም፤ ተግሣጽም አይደለም። ባለሙያው ይሰማል፣ ይጠይቃል፣ ከታካሚዋ ጋር ሆኖ ያቅዳል። መልካም ባለሙያ ሰውን ከነኑሮው ይመለከታል። ስለ እንቅልፍዎ፣ ስለ ምግብዎ፣ ስለ ትዳርዎ፣ ስለ ገቢዎ፣ ስለ እምነትዎና አብሮዎት ስላለ ማንኛውም የአካል ሕመም ይጠይቅዎታል።

ይህ ሕክምና ግብ አለው። ግቡም «ደስተኛ መሆን» የሚል ጥቅል ነገር ሳይሆን የሚለካ ትንሽ እርምጃ ነው። «በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥቼ ከእህቴ ጋር እጫወታለሁ» ወይም «ስለ ዕዳው ለባለቤቴ ቅዳሜ ማታ እነግረዋለሁ» ማለት ግብ ነው። የወላይታ ሰው ይህን አሠራር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። ለጊፋታ በዓል ወንዶች ለበሬው፣ ሴቶች ለቅቤው ገንዘብ የሚያጠራቅሙት በዓሉ ሲደርስ ሳይሆን ከወራት በፊት ጀምረው ጥቂት በጥቂት ነው። የምክር ሕክምናም እንዲሁ በየሳምንቱ በሚጠራቀም ትንሽ እርምጃ ይሠራል።

ይህ ባዶ ተስፋ አለመሆኑን የዚምባብዌ ተሞክሮ ያሳያል። በዋና ከተማዋ በሐራሬ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ሥራ ነው። በዕድሜ የገፉ የሠፈር እናቶች ሠልጥነው፣ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በሐሳብ የተጨነቀውን ሰው ስድስት ጊዜ ያህል እያነጋገሩ አንድ ችግር መርጦ እንዲፈታ ይረዱታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ጥናት መሠረት ከስድስት ወር በኋላ የመንፈስ ጭንቀት ምልክት የታየባቸው ይህን ርዳታ ካገኙት ከመቶ 14 ያህሉ ሲሆኑ፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ግን ከመቶ 50 ያህሉ ነበሩ። በአገራችንም በስም ከወላይታዋ ከተማ ጋር በሚመሳሰለው በጉራጌው ሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን አሠልጥኖ የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ወደ ሕዝቡ የማቅረብ ሥራ ተሞክሯል።

ታዲያ በሶዶና በአካባቢዋ የምትኖር እናት ማንን ትጠይቅ? በአገራችን የባለሙያው ቁጥር አነስተኛ የሆነበት ምክንያት አለው። ለብዙ ዓመታት ለአእምሮ ሕሙማን የነበረው ሆስፒታል በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ብቻ ነበር። በአገር ውስጥ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረውም በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። በከተማዋ ሕዝቡ ኦቶና ብሎ የሚጠራው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ስለዚህ ከሠፈርዎ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ የሚሰማዎትን ሳይሸሽጉ ይንገሩ፤ ወደ ሆስፒታሉ የሪፈር ወረቀት ይጠይቁ።

የባለሙያዎችንም ልዩነት ማወቅ ይጠቅማል። ሳይካትሪስት የሥነ አእምሮ ሐኪም ስለሆነ መድኃኒት ያዛል። የአእምሮ ጤና ነርስ ይመረምራል፣ ይከታተላል፣ ያማክራል። ሳይኮሎጂስት ግን መድኃኒት አያዝም፤ ሥራው በንግግር ማከም ነው። ባለሙያው ዘንድ ሲቀርቡ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ሳያፍሩ ይጠይቁ።

አንደኛ፣ ትምህርትዎና የሙያ ፈቃድዎ ምንድን ነው?

ሁለተኛ፣ ከመድኃኒት ሌላ በንግግር ያክማሉ? ግቡንስ አብረን እናወጣለን?

ሦስተኛ፣ ስንት ጊዜ እንገናኛለን? ክፍያውስ ስንት ነው? መሻሻሌንስ በምን እናውቃለን?

አራተኛ፣ የምነግርዎት ነገር በምሥጢር ይያዛል? ምሥጢር የማይጠበቀው መቼ ነው?

አምስተኛ፣ በወላይትኛ ልናገር እችላለሁ? የልብ ኀዘን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲነገር ይቀላልና ይህ እንደ ቅንጦት የሚታይ ጥያቄ አይደለም።

ለእነዚህ ጥያቄዎች በትዕግሥት የሚመልስ ባለሙያ ካገኙ ይያዙት። «በአንድ ቀን አድንሻለሁ» የሚለውን፣ ወይም ሳይሰማ የሚፈርደውን ግን ይሽሹ። ሦስት አራት ጊዜ ተገናኝተው ምንም ለውጥ ካላዩ ይህንኑ ለባለሙያው ይንገሩ፤ ዕቅዱ እንዲሻሻል ወይም ሌላ ባለሙያ እንዲያይዎት መጠየቅ መብትዎ ነው።

ጸሎትን በተመለከተም አንድ ቃል እንጨምር። ጸሎትም ሆነ ጠበል ከሕክምና ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ግን ሕመሙን ሊያገረሽ ይችላልና አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር ግድ ነው። ራስን ወይም ሕፃንን የመጉዳት ሐሳብ ሲመጣ፣ ወይም ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ሲሰማ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ታማሚዋም ለአንድ አፍታ ብቻዋን መተው የለባትም።

እናንተ ባሎች፣ አማቶችና የሥራ ኃላፊዎችም ድርሻ አላችሁ። ወደ ባለሙያ የምትሄደዋን እናት «አበደች» ብሎ ማማት እሷን አሳፍሮ ሌሎችንም ከሕክምና ያርቃል። ይልቅስ ለአንድ ሰዓት ልጇን ያዙላት፤ ከሥራ የምትወጣበትን ፈቃድ ስጧት፤ የትራንስፖርቱን ገንዘብ አዋጡላት።

እርስዎም፣ እናቴ፣ ለልጅዎ ክትባት ቀን እንደሚቆርጡ ሁሉ ለራስዎም ቀን ይቁረጡ። በዚህ ሳምንት የሚቻለው አንድ ነገር ቢሆን እንኳ ጤና ጣቢያ ሄዶ ያንን የሪፈር ወረቀት መጠየቅ ይሁን።