የ16,000 ፓውንዱ መስመር

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 በደቡብ ዌልስ፣ ፖርት ታልቦት ከተማ፣ የመጨረሻው የብረት ማቅለጫ ምድጃ እሳቱ ጠፋ። ባለቤቱ ታታ ስቲል ከሁለት ሺህ በላይ የሥራ ቦታዎችን ለማጠፍ ወስኖ ነበር። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ በሰሜን እንግሊዝ ሬድካር ላይ የነበረው የብረት ፋብሪካ ሲከስር 2,200 ያህል ሠራተኛ ሜዳ ላይ ቀርቷል። በብሪታንያ እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ካሳውን ከተቀበልን መንግሥት ድጎማውን ይከለክለናል ወይ?

ጥያቄው የሚከብደው ሁለት ሕጎች ፊት ለፊት ስለሚገናኙበት ነው። አንደኛው የ1965ቱ የሥራ ቅነሳ ክፍያ ሕግ ነው። በሃሮልድ ዊልሰን መንግሥት ዘመን ሲወጣ፣ ለዓመታት የተሠራበት ሥራ ለሠራተኛው እንደ ንብረት ነው፤ ንብረቱን ያጣ ደግሞ ካሳ ይገባዋል የሚል ሐሳብ ይዞ ነበር። ዛሬም ሁለት ዓመት በአንድ አሠሪ ዘንድ የቆየ ሠራተኛ ሲቀነስ ካሳ ያገኛል። ዕድሜው ከ22 እስከ 40 ሳለ ለሠራው ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ሳምንት ደመወዝ፣ ከ41 ጀምሮ ላለው የአንድ ሳምንት ተኩል፣ ከ22 በታች ለነበረው የግማሽ ሳምንት ይታሰብለታል። የሚቆጠረው ቢበዛ 20 ዓመት ሲሆን ለሳምንቱ ደመወዝም ጣሪያ አለ። አሠሪው ከስሮ መክፈል ካቃተው መንግሥት ከብሔራዊ መድን ፈንድ ይከፍላል።

ሁለተኛው ሕግ የድጎማው ነው፤ ታሪኩም መራራ ነው። በ1931፣ በኢኮኖሚው ቀውስ ወቅት፣ የመድን ጊዜው ያለቀበት ሥራ ፈት ገንዘብ ከማግኘቱ በፊት የቤቱ አቅም እንዲመረመር ተደነገገ። መርማሪዎች ቤት ድረስ እየመጡ የወንድ ልጁን ደመወዝ፣ የሴት ልጁን ገቢ፣ የተቀመጠውን ሳንቲም ይቆጥሩ ነበር፤ የቤት ዕቃ ሳይቀር በዓይናቸው ይመዝናሉ። ደመወዝ ያለው ልጅ የአባቱን ድጎማ ላለማስቀነስ ከቤት ወጥቶ ሌላ ቦታ የሚከራይበት ጊዜ ነበር። የዘመኑ ሠራተኛ ያንን ምርመራ አልረሳውም። የቤተሰቡ ሁሉ ገቢ የሚደመርበት ደንብ በ1941 ቢቀርም፣ እና ዊልያም ቤቨሪጅ በ1942 ባወጣው ዘገባ ያለ አቅም ምርመራ በመብት የሚገኝ መድን ቢያልምም፣ ምርመራው ራሱ ስሙን እየለወጠ ቀጥሏል።

የዛሬው ስሙ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ነው። በ2013 ከማንችስተር አቅራቢያ ተጀምሮ ስድስት የቀድሞ ድጎማዎችን ቀስ በቀስ ተክቷል። ለዚህ ድጎማ የስንብት ካሳ እንደ ጥሪት ይቆጠራል፤ የመጨረሻው ደመወዝ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ክፍያ እና በማስጠንቀቂያ ጊዜ ፋንታ የሚሰጠው ገንዘብ ግን የተከፈሉበት ወር ገቢ ናቸው። ጥሪት እስከ 6,000 ፓውንድ ድረስ አይነካም። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 250 ፓውንድ፣ ወይም ለጎደሎው ትራፊ፣ በወር 4 ፓውንድ ከ35 ፔንስ ይቀነሳል። ከ16,000 ካለፈ ድጎማው ጨርሶ ይቆማል።

በቁጥር እንየው። አንድ የ45 ዓመት ሠራተኛ 12 ዓመት አገልግሎ በሳምንት 600 ፓውንድ ያገኝ ነበር እንበል። ካሳው የ14 ሳምንት ደመወዝ፣ ማለትም 8,400 ፓውንድ ነው። ባልና ሚስቱ አስቀድመው 5,000 ፓውንድ ቆጥበው ከነበረ ጥሪታቸው 13,400 ይደርሳል፤ ከድጎማው በየወሩ 130 ፓውንድ ከ50 ይቀነሳል። 9,000 ቆጥበው ከነበረ ግን 17,400 ይሆናል፤ ከዩኒቨርሳል ክሬዲት ምንም አያገኙም። ጥሪቱ በኑሮ ወጪ ቀንሶ 16,000 ላይ ሲደርስ ማመልከት ይችላሉ፤ ሳያመለክቱ ግን የሚጀምርላቸው የለም።

ስሌቱን በወለድ ዓይን ሲያዩት ይገርማል። 250 ፓውንድ በዓመት 52 ፓውንድ እንደሚያስገኝ ነው የሚታሰበው፤ ይህ ወደ 21 በመቶ የሚጠጋ ትርፍ ነው። የትኛው ባንክ ነው ይህን የሚከፍለው? ደንቡ እውነተኛ ገቢን አይለካም፤ ሰው ቁጠባውን እየበላ እንዲኖር የሚገፋ ነው። ሌላም እንግዳ ነገር አለው፤ 16,000 ያለው ቤተሰብ በወር 174 ፓውንድ ተቀንሶበት ቀሪውን ሲያገኝ፣ አንድ ፓውንድ የጨመረው ጎረቤቱ ባዶ እጁን ይቀራል። መስመሩም ለነጠላ ሰው እና ለባልና ሚስት አንድ ነው።

«ታዲያ ገንዘቡን ቶሎ አጥፍተን እንገላገል» የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። አደገኛ ምክር ነው። ድጎማ ለማግኘት ብሎ ገንዘቡን ለዘመድ የሰጠ ሰው ገንዘቡ አሁንም በእጁ እንዳለ ተደርጎ ሊታሰብበት ይችላል። ዕዳ መክፈል ግን በዚህ አይጠየቅም፤ እንደ ኑሮው ተገቢ የሆነ ዕቃ ወይም አገልግሎት መግዛትም እንዲሁ። የሚኖሩበት ቤት አይቆጠርም፤ ጡረታ ያልደረሰ ሰው በጡረታ ፈንድ ያለው ገንዘብም፣ በልጆች ስም የተቀመጠውም።

ቁጠባን ፈጽሞ የማይጠይቅ ድጎማም አለ፤ ሰው የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው። ያለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት የብሔራዊ መድን መዋጮውን በሚገባ የከፈለ ሠራተኛ ለስድስት ወር ያህል የሥራ ፈላጊ አበል ያገኛል፤ በ2025 ለ25 ዓመትና ከዚያ በላይ ሳምንታዊ መጠኑ 92 ፓውንድ ከ5 ፔንስ ነበር። የባንክ ሂሳቡ አይታይም፤ የሚስቱ ወይም የባሏ ደመወዝም አይጠየቅም። ከቤቨሪጅ ሐሳብ የተረፈ ቁራጭ ነው።

በለንደን እና በሌሎች ከተሞች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ ሌላ ፊትም አለው። አዲስ አበባ ላይ የተገዛ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩበት ቤት ስላልሆነ በመርሕ ደረጃ ጥሪት ነው። ዋጋው የሚተመነው በአገሩ ገበያ ነው፤ አገሩ ገንዘቡ ወደ ብሪታንያ እንዳይወጣ የሚከለክል ከሆነ ግን ብሪታንያ ውስጥ ፈቃደኛ ገዢ በሚሰጠው ዋጋ ይሆናል። ለአዲስ አበባ ቤት እንዲህ ያለ ገዢ የት ይገኛል? የውጭ ምንዛሪ ነገር የሚያውቅ ሰው ክርክሩ ከየት እንደሚነሳ ይገባዋል። የእቁብ ገንዘብ በስሙ የሚሰበስብ ሰውም በሂሳቡ ያለው የአባላቱ መሆኑን የሚያስረዳ መዝገብ ቢይዝ ይበጀዋል። ቪዛቸው ከሕዝብ ድጎማ የሚከለክላቸው ደግሞ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ባይፈቀድላቸውም፣ የስንብት ካሳው የሥራ መብት ስለሆነ፣ በመዋጮ የሚገኘው አበልም ከተከለከሉት ስላልሆነ፣ ሁለቱን መጠየቅ ይችላሉ።

የመስመሩ ደጋፊዎች ባንክ ውስጥ 20,000 ፓውንድ ላለው ሰው ምንም ያልቆጠበ የጽዳት ሠራተኛ ለምን ግብር ይክፈል ይላሉ። ክርክሩ ዋዛ አይደለም። ግን 6,000 እና 16,000 የተባሉት ቁጥሮች በ2006 ከተወሰኑ ወዲህ ንቅንቅ አላሉም፤ በዚያው ጊዜ የዕቃ ዋጋ ከግማሽ በላይ ንሯል። ማንም ሳይነካው መስመሩ በመግዛት አቅሙ በየዓመቱ ዝቅ እያለ መጥቷል ማለት ነው። መንግሥት ለአዛውንቶች ሲሆን ደግሞ እጁን ይፈታል፦ በጡረታ ክሬዲት 10,000 ፓውንድ አይነካም፣ ቅነሳው በግማሽ ያነሰ ነው፣ የመጨረሻ ጣሪያም የለም። ልጆች ያሏቸው ዝቅተኛ ደመወዝተኞች ይኖሩበት የነበረው የታክስ ክሬዲትም የቁጠባ ጣሪያ አልነበረውም። እሱ በኤፕሪል 2025 ተዘግቷል። ወደ አዲሱ ሥርዓት በመንግሥት ጥሪ ከተዛወሩት መካከል ከ16,000 በላይ የነበራቸው የ12 ወር እፎይታ ተሰጥቷቸዋል፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ ለእነሱም ይሠራል።