የአባት ጠመንጃ ሰደፍ እንዴት ይጠቁራል

በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚታየው ውጅግራ፥ በፈረንሳይ አገር በእነርሱ አቆጣጠር በ1874 የወጣው ጠመንጃ ነው። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ከዘመቱት መሣሪያዎች አንዱ ስለ ሆነ ዛሬ የሚጠበቀው ለመታሰቢያ ነው። ሰደፉ የገውዝ እንጨት ነው። ገውዝ በተፈጥሮው ጠይም ሲሆን፥ ደርቆ ብዙ ዘመን ፀሐይ ሲመታው ይገረጣል።

ባለቤቱም ይህን አይቶ ለአናጢ ይሰጠዋል፤ አናጢውም በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ጥፋት የሚባለው ይህ ነው። በሰደፉ ቀኝ ጎን የመሣሪያ ፋብሪካው ክብ ማኅተም ሊገኝ ይችላል፤ ባለቤቱ በጩቤ የቀረጸው ምልክትና የብዙ ሰው እጅ ያለሰለሰው ስፍራም በዚያው እንጨት ላይ ነው። አንድ ጊዜ ከተፋቀ ማንም አይመልሰውም።

አስቀድሞ ጠመንጃው ጥይት እንደሌለበት ተከፍቶ በዓይንም በጣትም ይመርመር። ከዚያ በኋላ ዐዋቂ ሰው እንጨቱን ከብረቱ ይለየው። እድፉም በጥቂት ሳሙና በረጠበ ጨርቅ ይጠረግና በጥላ ይድረቅ።

ለማጥቆር ከሁሉ የሚሻለው የተልባ ዘይት ነው። ጥቂት ጠብታ በመዳፍ እስኪሞቅ ድረስ ማሸት፥ ከሩብ ሰዓት በኋላም የተረፈውን መጥረግ ነው። ሲደርቅ ይደገማል፤ ጥሬው ዘይት ብዙ ቀን ይፈጃልና መቸኮል አይገባም። ቅቤ የሚቀቡ አሉ፤ ቅቤ ግን አይደርቅም፥ ይሸታል እንጂ። የመኪና ዘይትም ያጠቁራል፤ ነገር ግን እንጨቱን እያደር ያለሰልሰዋል።

በዘይት ብቻ ያልጠቆረ እንደ ሆነ፥ የብረት ፍቅፋቂ በኮምጣጤ ውስጥ ጥቂት ቀን ይዘፍዘፍ። አየር ስለሚያወጣ ዕቃው ጥብቅ ተደርጎ አይከደን። እንጨቱን በወፍራም ሻይ ቀብቶ ሲደርቅ ይህን ውሃ ቢቀቡት፥ በሻይና በእንጨቱ ውስጥ ያለው፥ ቆዳ ፋቂዎችም ከቅርፊት የሚያወጡት ነገር ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ወዲያው ይጠቁራል። ኃይለኛ ነውና በውሃ አቅጥኖ፥ አስቀድሞም ከሰደፉ ጫማ ብረት ሥር በማይታየው ስፍራ መሞከር ያሻል። በእኔ አሳብ ሲበዛ ከሰል ያስመስለዋል፤ የገውዝ መልክ ደግሞ ጅማቱ ሲታይ ነው። ብረቱን ከነካ ያዝገዋል። ዘይቱ የሚቀባው በማግሥቱ ነው።

የቤት እመቤቶች በተለይ ይህን ይወቁ። የተልባ ዘይት የሚደርቀው ከአየር ጋር እየተዋሐደ ሙቀት በማውጣት ነው። ስለዚህ የተቀባበት ጨርቅ ተጠቅልሎ በማዕዘን ቢጣል፥ ማንም እሳት ሳያስነካው በራሱ ሊነድና ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ሥራው እንዳለቀ ጨርቁን ወዲያው ውሃ ውስጥ መንከር፥ ወይም ከቤት ርቆ በድንጋይ ላይ ዘርግቶ እስኪደርቅ መተው ነው፤ ለአሽከርም «ጣለው» ብሎ ብቻ ማለፍ አይበቃም።