አምስት አገር በአንድ መሪ

የአልፕስ ተራሮች ከሜዲትራኒያን ዳርቻ ተነሥተው እንደ ደጋን እየታጠፉ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃሉ፤ ስምንት አገርም ይነካሉ። ይህን የሰማ ሰው ካርታውን ዘርግቶ ስምንቱንም በአንድ የዓመት ፈቃድ ሊያዳርስ ያምረዋል። እንዲህ ያለው ጉዞ ግን የሚያልቀው አውራ ጎዳና ላይና ዋሻ ውስጥ ነው። ከፈረንሳይ ወደ ጣሊያን በሞን ብላን ሥር የሚያሻግረው ዋሻ 11.6 ኪሎ ሜትር ነው፤ የስዊዘርላንዱ ጎትሃርድ ደግሞ 17 ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ተራራ ሊያይ የሄደ ሰው የተራራ ሆድ ዕቃ አይቶ ይመለሳል።

ስለዚህ አገር አይቁጠሩ፤ የሚሻገሩበትን የተራራ በር ይምረጡ። ሁለት ወይም ሦስት በር ይበቃል። የእኔ ምርጫ ኦስትሪያ፣ ጣሊያንና ስዊዘርላንድ የሚገጣጠሙበት ጥግ ነው። ከሙኒክ ተነሥቶ፣ በሬሸን በር ወደ ጣሊያን ገብቶ፣ በስቴልቪዮ ሽቅብ ወጥቶ፣ በስዊዘርላንድና በሊክተንስታይን አድርጎ ሙኒክ የሚመልሰው ዙር 700 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ለችኩል ሰው የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው። አራት ወይም አምስት ሌሊት ይስጡት።

የእኛ ክረምት የእነርሱ በጋ ነው። ከፍታ ላይ ያሉት በሮች በበረዶ ተዘግተው ይከርሙና አብዛኞቹ በሰኔ መጀመሪያ ክፍት ሆነው ይገኛሉ፤ እስከ መስከረም አጋማሽም ያለ ብዙ ሐሳብ ይነዳባቸዋል። ነሐሴን ግን ቢዘሉት ይሻላል። ጣሊያኖች ፍልሰታን የሚያከብሩት ኦገስት 15 ሲሆን፣ በዚያ ሰሞን አገሬው ቤቱን ቆልፎ ወደ ባሕርና ወደ ተራራ ይወጣል፤ የሆቴል ዋጋም አብሮት ይወጣል። ለእኔ ከዘመን መለወጫ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ይበልጣሉ፤ ሰዉ ይቀንሳል፣ አየሩም ጥርት ይላል።

የወረቀቱ ጉዳይ ከሚፈራው ይቀልላል፤ ከሚናቀው ደግሞ ይከብዳል። ስዊዘርላንድና ሊክተንስታይን የአውሮፓ ኅብረት አባል ባይሆኑም በሼንገን ውስጥ ስላሉ አንድ ቪዛ ለአምስቱም ይሠራል። ሆኖም ጀርመን እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ቁጥጥር ጀምራለች፤ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ከእጅ አይለይ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ዘመድ ካለዎት ድንበር አሻግረው አይውሰዱት፤ የያዘው ወረቀት ከሚኖርበት አገር አያስወጣም። ለጉብኝት ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ መሪ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ዓለም አቀፉን ይያዝ። ለአከራዩ ድርጅትም የሚሻገሩባቸውን አገሮች አስቀድሞ መንገር ግዴታ ነው፤ ያልተነገረ አገር ውስጥ አደጋ ከደረሰ ኢንሹራንሱ ፊቱን ሊያዞር ይችላል።

አንድ ወጥመድ በተለይ ለእኛ የተዘጋጀ ይመስላል። ዙሪክ ያለ የአክስት ልጅ «መኪናዬን ውሰድና ተዝናናበት» ይላል፤ ሙኒክ ነዋሪ የሆነው ዘመዱም አመስግኖ ይነዳል። የስዊስ ታርጋ ያለው መኪና በኅብረቱ ጉምሩክ ዓይን የውጭ ዕቃ ነው። የኅብረቱ ነዋሪ ባለቤቱ በሌለበት ሲነዳው ቢያዝ፣ መኪናውን እንዳስገባ ተቆጥሮ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል። ስለዚህ የአክስት ልጅም ይምጣ! ስንቅም እንዲሁ ነው፤ ወደ ስዊዘርላንድ ያለ ቀረጥ የሚገባው ሥጋ በነፍስ ወከፍ 1 ኪሎ ብቻ ነው፤ ቋንጣም ሥጋ ነው።

ከሙኒክ ተነሥተው፣ ከጋርሚሽ ከተማ በኋላ ፈርን በርን ተሻግረው ወደ ኢን ወንዝ ሸለቆ ይወርዳሉ። ጣሊያን ከመግባትዎ በፊት ኦስትሪያ ውስጥ ነዳጅ ይሙሉ፤ የአካባቢው ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሬሸን በር 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ገራገር መሻገሪያ ነው። ወዲያው ወረድ ሲሉ ከሐይቅ መሐል አንድ የደወል ቤት ብቻውን ቆሞ ያያሉ። በ14ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ለኤሌክትሪክ ግድብ ሲባል ግራውን የተባለችው መንደር ከነቤቶቿ ውኃ ሲውጣት የተረፈው ይኸው ደወል ቤት ነው። ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ፎቶ ይነሣል። የተነቀሉት ገበሬዎች ታሪክ ከፎቶው ይከብዳልና ዳር ላይ ያለውን ገለጻ ሳያነቡ አይለፉ።

ሌሊቱን ፕራድ ወይም ትራፎይ ይደሩና ጠዋት ሞተር ብስክሌተኞቹ ሳይነሡ መውጣት ይጀምሩ። ስቴልቪዮ በዚህ በኩል 48 ሹል ኩርባዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥሩ ከታች 48 ብሎ ጀምሮ እያነሰ ይሄዳል፤ ጫፉ ላይ አንድ ይላል። በግራ በኩል 3,905 ሜትር የሚረዝመው ኦርትለር በረዶውን ለብሶ አብሮዎት ይወጣል። መንገዱን እ.ኤ.አ. ከ1820 እስከ 1825 የሠራው ካርሎ ዶኔጋኒ የተባለ መሐንዲስ ነው። በጊዜው ሎምባርዲያ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት እጅ ነበረችና ከቲሮል ወደ ሚላን ጦርና ፖስታ ማሳለፊያ ተፈለገ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ የበሩ ሁለት ወገኖች የጣሊያን ሆኑ፤ መንገዱም የተሠራበት ምክንያት ጠፋ። ዛሬ በዓለም ላይ ለመታጠፍ ብቻ ሲባል የሚነዳበት መንገድ ካለ አንዱ ይህ ነው።

ጫፉ 2,757 ሜትር ነው። እንጦጦ ይበልጠዋል። የአዲስ አበባ ልጅ በከፍታው አይደነቅም፤ የሚያስደነግጠው ብርዱ ነው። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ በሚያድግበት ከፍታ እዚህ ሣር እንኳ ይሳሳል፤ ፊት ለፊት በበጋ የበረዶ መንሸራተቻ ይታያል። ከምድር ወገብ መራቅ ይህን ያህል ያደርጋል። በጁላይም ቢሆን ወፍራም ጃኬት በእጅ ይሁን። ከላይ ከመንገዱ ዳር ትኩስ ቋሊማ በዳቦ የሚሸጡ አሉ፤ ለተቀረው የመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ ብዙ ጊዜ አያባክኑ።

አነዳዱን በሚመለከት ሊማሊሞን የወረደ ሹፌር ምክር አያሻውም፤ እርሱንም በወረራው ዘመን የጠረቡት ጣሊያኖች ናቸው። ለሌላው ግን፦ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬን ላይ ቆሞ የወረደ ሰው ከአሥረኛው ኩርባ በኋላ የተቃጠለ ነገር ይሸተዋል። ያን ጊዜ ዳር ይዞ ማቀዝቀዝ ነው እንጂ «ትንሽ ነው የቀረኝ» አይባልም። ኩርባው ጋ ሳይደርሱ ሽቅብ ይመልከቱ፤ የሚመጣ አውቶብስ ካለ መታጠፊያውን በሙሉ ይፈልገዋልና ቆመው ይጠብቁት። ስዊዘርላንድ ከገቡ በኋላ ደግሞ ቢጫው የፖስታ አውቶብስ የመንገዱ ጌታ ነው። የፖስታ ቀንደ መለከት ምልክት ባለበት የተራራ መንገድ ላይ ቅድሚያው የእርሱ ነው፤ ሹፌሩ ወደ ኋላ ሂድ ካለ ይኬዳል። በዕውር ኩርባ ላይ የሚያሰማው ባለ ሦስት ድምፅ ጥሩምባ ከሮሲኒ «ዊሊያም ቴል» የተወሰደ ነው።

ከስቴልቪዮ ጫፍ ጥቂት ወረድ ብሎ ወደ ቀኝ የሚገነጠለው ኡምብራይል በር 2,501 ሜትር ላይ ስዊዘርላንድ ያስገባል። ሳንታ ማሪያ ሲደርሱ አብዛኛው መኪና ወደ ግራ ይታጠፋል። እርስዎ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ቀኝ ይሂዱ። ሙስታየር በስምንተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ የተተከለ ገዳም ነው፤ ዛሬም መነኮሳይያት ይኖሩበታል። በመጥምቁ ዮሐንስ ስም የታነጸው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ጥንታዊዎቹ ከ800 ዓመተ ምሕረት አካባቢ ጀምሮ ያሉ ሆነው፣ ለብዙ ዘመን በኖራ ተሸፍነው ኖረው በ20ኛው መቶ ዓመት ተገለጡ። በምሥራቁ ወገን፣ ከዚያ በኋላ የተሣለው የሄሮድስ ግብዣ አለ፤ የሄሮድያዳ ልጅ ትዘፍናለች፣ የዮሐንስ ራስ በወጭት ይቀርባል። ታሪኩን በሰንበት ትምህርት ቤት የሰማ ሰው አስጎብኚ ሳይኖረው ግድግዳውን ያነበዋል። ከዚህ ጉዞ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል ስቴልቪዮን ትቼ ይህን እመርጣለሁ።

ከሙስታየር ወደ ሳንታ ማሪያ ተመልሰው የሚይዙት የኦፈን በር መንገድ በስዊስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1914 የተቋቋመው ይህ ፓርክ በአልፕስ ውስጥ ካሉት ሁሉ ቀደምት ነው፤ ከእግር መንገዱ መውጣት ክልክል ነው፣ ውሻ ታስሮም ቢሆን አይገባም። ከዚያ ፍሉዌላ በር በ2,383 ሜትር ወደ ዳቮስ ያሻግራል። በዚህ ወገን ምሳ ጥሬ ገንዘብ ያስቆጥራል፤ ቀድመው ጣሊያን ውስጥ ሁለት ሌሊት ማደር ኪስን ያሳርፋል። ጿሚ ደግሞ ማብሰያ ያለው አፓርታማ ይከራይ፤ የአልፕስ ወጥ ቤት ቅቤና አይብ ካልነካው አይበስልም።

ሊክተንስታይን 160 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነች ቡና ጠጥቶ ማለፍ ይበቃታል። ስዊዘርላንድ ለራሷ አውራ ጎዳናዎች የምትሸጠው ፈቃድ የዓመት ብቻ ነው፤ 40 ፍራንክ። ኦስትሪያ የአሥር ቀን አላት፤ ጀርመን ከቤት መኪና አታስከፍልም። ፍጥነትን ግን ስዊሶቹ አይምሩም፤ ከተማ ውስጥ ከተፈቀደው 6 ኪሎ ሜትር ማለፍ 120 ፍራንክ ነው። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2024 ወዲህ ደግሞ ስዊዘርላንድና ጀርመን ከበድ ያለውን የትራፊክ ቅጣት አንዱ ለሌላው ያስፈጽማሉና፣ «ጀርመን ገብቻለሁ» ብሎ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ መክተት አያዋጣም።